ሶልቭ ኤረሩ ስላነሰ ብቻ ትራኪንጉ ትክክል አይሆንም

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ በቪዲዮ ሥራ በምንተዳደር ሰዎች መካከል ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጽሑፉ የሚያስተምረው ካሜራ ትራኪንግን ነው፤ ማለትም በቦታው ያልነበረን ዕቃ፣ ሰሌዳ ወይም ሕንፃ በተቀረጸ ቪዲዮ ላይ እንደነበረ አድርጎ ለማቆም፣ ሶፍትዌሩ የካሜራውን እንቅስቃሴ ከምስሉ ተነሥቶ እንዲያሰላ የሚደረግበትን ቅንብር። ጸሐፊው እንደደከሙበት ያስታውቃል፤ በዚህ ሙያ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው በጣት የሚቆጠር በመሆኑም ሊመሰገኑ ይገባል። ይሁን እንጂ ከሰጧቸው ምክሮች የሚበዙት ለአንድ ዓይነት ቀረጻ ብቻ የሚያገለግሉ ሆነው ሳለ ለሁሉም እንደሚያገለግሉ ተደርገው ቀርበዋል፤ ሁለቱ ደግሞ ዕቃ መሬት ላይ ለሚቆምበት ለየትኛውም ቀረጻ የሚበጁ አይደሉም። ገሚሶቹን እኔም በጀማሪነቴ ተከትዬ ሥራ ያበላሸሁባቸው ስለሆኑ ዝም ብሎ ማለፉ አላስቻለኝም።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ምክራቸው ባጭሩ ይህ ነው። ቀረጻውን አስቀድሞ ስታቢላይዝ ማድረግ (መንቀጥቀጡን በሶፍትዌር ማረጋጋት)፤ ካሜራውን በትራይፖድ ላይ አድርጎ መቅረጽ፤ የሌንሱን መረጃ ለሶፍትዌሩ ትቶ በሪፋይን (ሶፍትዌሩ የሌንሱን መለኪያዎች ራሱ እንዲያስተካክል በሚፈቅደው ክፍል) ሥር ያሉትን አማራጮች በሙሉ ማብራት፤ የፓተርንና የሰርች ሳጥኖችን (ሶፍትዌሩ የሚከታተለውን የምስል ቁራጭና እሱን የሚፈልግበትን ክልል) በተቻለ መጠን ማስፋት፤ ነጥቡን በየፍሬሙ የሚከታተለው ትራከር እንዳይቆም ኮሪሌሽንን (የሚጠየቀውን የመመሳሰል መጠን) ከ0.75 ወደ 0.5 ማውረድ፤ ነጥቦችን በአውቶማቲክ በብዛት ማውጣት፤ በመጨረሻም ሶልቭ ኤረሩ (የስሌቱ ስሕተት መጠን) ከ0.3 በታች እስኪሆን ድረስ መጥፎ የተባሉትን ነጥቦች እየሰረዙ መሄድ። «ቁጥሩ ካነሰ ሥራው አልቋል» ሲሉም ይደመድማሉ። ምሳሌ ያደረጉት ብሌንደር የተባለውን ሶፍትዌር ስለሆነ እኔም በዚያው እቀጥላለሁ፤ አልፎ አልፎ ብቻ አፍተር ኢፌክትስን አነሣለሁ።

ከመጨረሻው ምክር እጀምራለሁ፤ የሌሎቹ ስሕተት ሁሉ የሚመነጨው ከእሱ ነውና። ሶፍትዌሩ ለእያንዳንዱ ነጥብ ከፍታ፣ ስፋትና ጥልቀት ያለው ቦታ ከሰጠውና ካሜራውንም በየፍሬሙ ካስቀመጠ በኋላ፣ ያንን ነጥብ በካሜራው በኩል መልሶ ምስሉ ላይ ያሳርፈዋል። ነጥቡ ባረፈበትና እኛ ስንከታተለው በነበርንበት ቦታ መካከል ያለው ርቀት በፒክስል ይለካል፤ የሁሉም አማካይ ሶልቭ ኤረር ይባላል። እንግዲህ ቁጥሩ የሚነግረን ስሌቱ ከተሰጡት ነጥቦች ጋር ምን ያህል እንደተስማማ ብቻ ነው። ነጥቦቹ ራሳቸው እውነተኛ ስለመሆናቸው፣ የቦታውን ቅርብና ሩቅ ስለመሸፈናቸው፣ ወይም የተገመተው ሌንስ በእጃችን የነበረው ስለመሆኑ ምንም አይናገርም። ጸሐፊው እንደሚመክሩት ከፍ ያለ ኤረር ያሳየውን ነጥብ ሁሉ እያሳደዱ መሰረዝ፣ ቃላቸው ያልጣመውን ምስክሮች አንድ በአንድ ከችሎት አስወጥቶ «የቀሩት ምስክሮች በሙሉ ተስማምተዋል» ብሎ እንደሚፈርድ ዳኛ መሆን ነው።

ይህን የምለው በመጽሐፍ አንብቤው አይደለም። ክረምት ከመግባቱ በፊት ለአንድ ቡና ቆይ ማስታወቂያ ጅሬን ወጥተን ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት አንድ የ9 ሰከንድ ክሊፕ ቀርጸን ነበር፤ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ባጠቃላይ 225 ፍሬም። ካሜራ የያዘው ባልደረባዬ የእንጨቱን ሰገነት እያሳየ ወደ ቀኝ በእግሩ ይራመዳል፤ ከፊት ባለው ሣር ላይ ደግሞ የሰው ቁመት ያህል የሆነ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ እንዲቆም ነበር የተፈለገው። መጀመሪያ ያወጣሁት ስሌት በ40 ነጥቦች 1.9 ፒክስል ኤረር አሳየኝ። ደነገጥኩና ጸሐፊው የሚመክሩትን አደረግኩ፤ መሰረዝ ጀመርኩ። ከሣሩ ላይ ያሉት ነጥቦች ኤረራቸው ከፍ ያለ ስለነበር ቀድመው ሄዱ፤ የቀሩት የሕንፃው ፊት ላይ ያሉ ጥርት ያሉ የእንጨት ማዕዘኖች ሆኑ። አሥር ነጥቦች ሲቀሩ ኤረሩ 0.21 ደረሰ። ብሌንደር ስሌቱን ለማካሄድ ለስሌቱ መነሻ በሚሆኑት ሁለት ፍሬሞች (ኪፍሬሞች) ላይ የሚገኙ ቢያንስ 8 የጋራ ነጥቦች ስለሚፈልግ፣ ከዚያ በታች ብወርድ ጭራሹኑ እምቢ ይለኝ ነበር። በርጩማውን አቆምኩትና ክሊፑን አጫወትኩት፤ ሦስቱም እግሮች በሳሙና ውሃ ላይ እንደቆሙ ሁሉ ሣሩ ላይ ይንሸራተቱ ነበር። ቁጥሩ ግን ያማረ ነበር።

የሆነው ነገር ግልጽ ነው። አሥሩም ነጥቦች በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ፣ ከካሜራው በተቀራረበ ርቀት ላይ ስለነበሩ፣ ሶፍትዌሩ መሬቱ የት እንዳለ የሚያውቅበት አንዳች ማስረጃ አልነበረውም። በማግሥቱ እንደገና ጀመርኩ። የመንገዱን ጠርዝ፣ ሁለት ጠጠሮችን፣ በአጋጣሚ ሣሩ ላይ የወደቀ የጠርሙስ ክዳንና እኛው ያስቀመጥናቸውን ምልክቶች በእጄ እየመረጥኩ 34 ነጥቦች አደረስኩ፤ ከእነዚህ 15ቱ መሬት ላይ ናቸው። ሶልቭ ኤረሩ 0.52 ሆነ፤ በጸሐፊው መመዘኛ የወደቀ ሥራ ማለት ነው። በርጩማው ግን ቆመ።

ታዲያ ቁጥሩን ካላመንን በምን እንወስን? እኔ ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛው ቀላል ነው፤ በግራፍ መስኮቱ ላይ የኤረሩን መስመር በየፍሬሙ ማየት። አማካዩ 0.5 ሆኖ ከፍሬም 140 እስከ 150 ድረስ ብቻ ወደ 3 የሚዘል ስሌት፣ ሁሉም ቦታ 0.8 ከሆነው ስሌት የከፋ ነው፤ የተመልካች ዓይን የሚይዘው አንዲቷን መዝለል ነውና። ሁለተኛው ደግሞ ቀረጻ ቦታው ላይ በሜትር ሁለት ርቀቶችን መለካት ነው፤ አንዱን ለስሌቱ መስጠት፣ ሌላውን መደበቅ። ጅሬን ላይ በሁለቱ ምልክቶቻችን መካከል ያለው 2 ሜትር ነበር፤ ከአንዱ ምልክት እስከ ደረጃው ጫፍ ደግሞ 5.60 ሜትር። 2 ሜትሩን በሴት ስኬል (እውነተኛውን ርቀት በምንሰጥበት ትእዛዝ) አስገብቼ የደረጃውን ርቀት ሳነብ፣ «ያማረው» ስሌት 4.30 ሰጠኝ፤ 0.52 ኤረር ያለው ደግሞ 5.55። የሜትር ገመድ የሌለው የቪዲዮ ባለሙያ ካለ ከጎረቤት አናጢ ይዋስ፤ ጅማ ውስጥ አናጢ አይጠፋም።

ቀጥሎ የሌንሱ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መዘግየት ያስፈልጋል። ጸሐፊው «ሶፍትዌሩ ራሱ ስለሚያገኘው የሌንስ መረጃ ማስገባት ጊዜ ማባከን ነው» ብለዋል። ሆኖም ለምሳሌ ባቀረቡት የራሳቸው ምስል ላይ፣ በሞባይል ዋና ካሜራ የተቀረጸው ክሊፕ ከስሌቱ በኋላ ፎካል ሌንግዙ (ሌንሱ ምን ያህል አጥብቦ እንደሚያይ የሚነግረው ቁጥር) 96 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ የሴንሰሩም (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ስፋት 36 ሆኖ ይታያል። የሞባይል ዋና ካሜራ በዚያ መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ 26 አካባቢ የሆነ ሰፊ ሌንስ ነው። 96 የቁም ምስል ማንሻ ሌንስ ነው። ኤረሩ 0.27 በመሆኑ ተደስተው አለፉት እንጂ፣ ሶፍትዌሩ «ያልገባኝ ነገር አለ» እያላቸው ነበር።

ፎካል ሌንግዝ ብቻውን ትርጉም የለውም፤ ትርጉም የሚኖረው ከሴንሰሩ ስፋት ጋር ሲጣመር ነው። 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሴንሰር ላይ 18 ሚሊ ሜትር ሌንስ በአግድም 90 ዲግሪ ያያል። ያው ሌንስ እዚህ አገር በብዙዎቻችን እጅ ባለው፣ 22.3 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የካኖን ኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ላይ ሲገጠም የሚያየው 63.6 ዲግሪ ብቻ ነው። ሌንሱን በትክክል 18 ብሎ ሞልቶ ሴንሰሩን 36 ብሎ የተወ ሰው ከ26 ዲግሪ በላይ ዋሽቷል ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥልቀት ሁሉ የተዛባ ይሆናል። በሞባይል ሲሆን ነገሩ ይጠላለፋል፤ የሚጻፈው 26 «ከ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ጋር የሚመጣጠን» የሚባለው ስለሆነ እንጂ እውነተኛው ሌንስ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አያልፍም። ያ ማመጣጠን የሚሰላው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሰያፍ ስለሆነ፣ 4 ለ 3 ቅርጽ ላለው የሞባይል ሴንሰር ከ26 ጋር መሄድ ያለበት ስፋት 34.6 ነው። በዚህ ላይ ብዙ ሞባይሎች ቪዲዮ ሲቀርጹ የምስሉን ዳር ቆርጠው ይጥላሉ፤ ፎቶ ላይ የተጻፈው ቁጥር ለቪዲዮው አይሠራም።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ግድግዳ ነው። ካሜራውን ወይም ሞባይሉን በቪዲዮ ሁነታ፣ ለሥራው በምንጠቀምበት ጥራትና ፍሬም ሬት አድርገን፣ ከግድግዳ 3 ሜትር ርቀት ላይ ፊት ለፊት እናቆመዋለን። አንድ ሰው በምስሉ ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል፤ በምልክቶቹ መካከል ያለው ይለካል። 2.70 ሜትር ሆነ እንበል። 36ን በ3 አባዝተን ለ2.70 ስናካፍል 40 እናገኛለን፤ ብሌንደር ላይ ሴንሰር 36፣ ፎካል ሌንግዝ 40 ብለን እንሞላለን። በአፍተር ኢፌክትስ የሚሠራ ሰው በሾት ታይፕ ሥር «ስፔሲፋይ አንግል ኦፍ ቪው» የሚለውን መርጦ 48.5 ዲግሪ ይጽፋል። ሥራው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም፤ ካሜራው እስካልተቀየረ ድረስም ዳግመኛ መለካት አያሻም። ዙም ያለው ሌንስ ከሆነ ቀለበቱ በቀረጻው ጊዜ እንዳይነካ፣ አውቶ ፎከሱም እንዲጠፋ ያስፈልጋል፤ በብዙ ሌንሶች ላይ ፎከስ ሲቀየር የእይታ ማዕዘኑም በጥቂቱ ይቀየራል።

ሪፋይንን በሙሉ ማብራት የሚለው ምክርም በዚሁ ይፈርሳል። እያንዳንዱ የሚበራ አማራጭ ለስሌቱ አንድ ተጨማሪ ማምለጫ በር ነው። የካሜራው እንቅስቃሴ ትንሽ በሆነበት ክሊፕ ላይ ሌንሱን ማጥበብና ቦታውን ማራቅ በምስሉ ላይ እርስ በርስ ስለሚካካሱ፣ ሶፍትዌሩ ኤረሩን ለመቀነስ የማይሆን ሌንስ ይመርጣል፤ የ96ቱ ምንጭ ይህ ይመስለኛል። እኔ የምከተለው ቅደም ተከተል፦ በመጀመሪያ የተለካውን ሌንስ ሞልቶ ምንም ሪፋይን ሳያበሩ ማስላት፤ ከዚያ ፎካል ሌንግዝን ብቻ አብርቶ ምን ያህል እንደተነሣ ማየት፤ ከ40 ወደ 41 ቢሄድ መቀበል፣ ወደ 60 ቢሄድ ግን ነጥቦቹን መመርመር። ከዚያ በኋላ የዲስቶርሽኑ (ሌንሱ ቀጥ ያለውን መስመር የሚያጎብጥበት) መለኪያ ኬ1 ይከተላል፤ ይህም ሰፊ ሌንስ ሲሆንና ነጥቦቹ እስከ ምስሉ ዳርቻ ሲደርሱ ነው። ኦፕቲካል ሴንተርን (የሌንሱን መሐል) የምነካው ምስሉ ከአንድ ወገን መቆረጡን ሳውቅ ብቻ ነው።

ስታቢላይዝ አድርጎ ወደ ትራኪንግ መግባት የሚለው ምክር ከሁለቱ ፍጹም ስሕተት ከምላቸው አንዱ ነው። ካሜራ ትራኪንግ የሚሠራው አንድ የታወቀ ሌንስ በቦታ ውስጥ ተንቀሳቅሷል ብሎ በማሰብ ነው። ስታቢላይዝ ማድረግ ደግሞ እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻው ማንሸራተት፣ ማዞር፣ ማሳደግ፣ አንዳንዴም እንደ ጨርቅ መለጠጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሌንሱ መሐል በየፍሬሙ ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ የሚሰላ እውነተኛ ካሜራ የለም። ሞባይሉ ራሱ በቀረጻ ጊዜ የሚያደርገው ኤሌክትሮኒክ ማረጋጊያም ያው ስለሆነ ከሴቲንጉ መጥፋት አለበት። መንቀጥቀጡ ካስጨነቀ ትራኪንጉ በጥሬው ቀረጻ ላይ ይሠራ፤ ዕቃው ቆሞ ምስሉ ከወጣ በኋላ ማረጋጋት ይቻላል።

ሁለተኛው የትራይፖዱ ነው። ትራይፖድ ላይ ቆሞ ግራና ቀኝ የሚዞር ካሜራ ቦታ ስላልለወጠ የቅርቡና የሩቁ ነገር በአንድነት ይንቀሳቀሳሉ፤ ፓራላክስ የለም፣ ስለዚህ ጥልቀት አይሰላም። ብሌንደር ለዚህ ትራይፖድ የሚል የተለየ አማራጭ አለው፤ እሱ የሚያሰላው መዞሩን ብቻ ነው። ለሰማይ ወይም ለሩቅ ተራራ ይበቃል፤ መሬት ላይ ለሚቆም በርጩማ አይበቃም። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ከውድ ትራይፖድ ይሻላል።

የሳጥኖቹን መጠን በተመለከተ ጸሐፊው «ትልቅ ሲሆን አይሳሳትም» ያሉት ግማሽ እውነት ነው። የብሌንደር መነሻ ፓተርን 21 ፒክስል፣ ሰርች 71 ፒክስል ነው። ከዚህ ተነሥተን ብናሰላ ትራከሩ ነጥቡን የሚፈልገው ከነበረበት በየአቅጣጫው 25 ፒክስል ያህል ርቆ ነው፤ ከ71 ላይ 21 ተቀንሶ ለሁለት ሲካፈል ማለት ነው። በጅሬኑ ክሊፕ ባልደረባዬ ሲራመድ የቅርቡ ነጥብ በፍሬም እስከ 40 ፒክስል ይሄድ ነበር፤ በመነሻው ቁጥር መጥፋቱ አይቀርም። ስለዚህ ለቅርብ ነጥቦች ሰርቹን 121 አደረግኩት። ለሰገነቱ ነጥቦች ግን ይህን ማድረግ ጥፋት ነበር። የሰገነቱ ቋሚዎች አንዱ ከሌላው የማይለዩ መንትዮች ስለሆኑ፣ ሰርቹ ጎረቤቱን ቋሚ እስኪጨምር ከሰፋ ትራከሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፤ መዝለሉንም አያውቅም። እዚያ ላይ ሰርቹን ከቋሚዎቹ ክፍተት አሳንሼ ያዝኩ። ፓተርኑም ቢሆን ሲሰፋ የተለያየ ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ ይይዛል፤ ካሜራው ሲሄድ እነሱ ይለያያሉ፣ ነጥቡም በመካከላቸው ይዋልላል። በአንድ ቁጥር ሁሉንም ነጥብ መከታተል የሚቻለው በዕድል ነው። የ3840 ፒክስል ቀረጻ ሲሆን ደግሞ ያው እንቅስቃሴ በፒክስል እጥፍ ስለሚሆን ቁጥሮቹ በሙሉ እንደገና መታሰብ አለባቸው።

ኮሪሌሽንን 0.5 ማድረግ ትራከሩን አያሻሽለውም፤ ዝም ያሰኘዋል እንጂ። ቁጥሩ 1 ማለት አሁን የታየው ክፍል ከመነሻው ፓተርን ጋር ፍጹም አንድ ነው ማለት ነው፤ 0.75 ላይ ሲቆም «ከዚህ በታች የማየው ነገር ያንተ ነጥብ መሆኑን አላረጋግጥም» ማለቱ ነው። የቆመ ትራከር ታማኝ ትራከር ነው። ሲቆም ለምን እንደቆመ ማየት ይገባል፤ ሰው አልፎበት ሊሆን ይችላል፣ ደመና አልፎ ብርሃኑ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ጅማ ላይ ይህ የሁለተኛው ዓይነት በዓመቱ ውስጥ ብዙ ወር ያጋጥማል፤ ፀሐይና ደመና በአንድ ክሊፕ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይፈራረቃሉ። ለእሱ ኖርማላይዝ የሚለውን ማብራት ይበቃል፤ የብርሃን መጠን ለውጥን ችላ ብሎ ቅርጹን ብቻ ያነጻጽራልና። ካሜራው ሲጠጋ ፓተርኑ እየተለወጠ ከሆነ ደግሞ የሞሽን ሞዴሉን ከሎኬሽን (ቦታ ብቻ) ወደ ሎክሮትስኬል (ቦታ፣ መዞርና መጠን)፣ ለጠፍጣፋ ገጽ ወደ ፐርስፔክቲቭ መለወጥ ነው። ጸሐፊው ይህን አማራጭ ጨርሶ አላነሡትም። ትራከሩ ከየትኛው ፍሬም ጋር እንደሚያነጻጽር የሚወስነውን ማች የሚለውንም እንዲሁ፦ ኪፍሬም ሲሆን ሁልጊዜ ከመነሻው ጋር ስለሚያነጻጽር አይንሸራተትም፣ ቶሎ ግን ይቆማል፤ ቀዳሚውን ፍሬም ሲሆን ረጅም ይጓዛል፣ በየፍሬሙ የምትሳሳተው ጥቂት ግን ትጠራቀማለች። እኔ በኪፍሬም እየሠራሁ በየ40 ፍሬሙ ገደማ በእጄ ማደስን እመርጣለሁ።

ነጥብ ሲበዛ ጥሩ ነው የሚለውን ብዙ አልከራከረውም፤ የሚያከራክረው «በአውቶማቲክ» የሚለው ነው። ነጥቦችን በራሱ የሚያወጣው ዲቴክት ፊቸርስ የሚያየው የጠቆረና የነጣ ነገር የሚገናኝበትን ማዕዘን እንጂ የሚገናኙት ነገሮች አንድ አካል መሆናቸውን አይደለም። ፈረንጅ አራዳ ላይ አንድ መንገድ ቀርጾ ቢሰጡት የቆመ ባጃጅ ጣሪያ ከኋላው ካለው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ጋር የሚሻገርበትን ቦታ በደስታ ይመርጣል፤ እንዲህ ያለ ነጥብ በገሃዱ ዓለም የለም። ዝናብ ካባራ በኋላ ቆርቆሮ ላይ የሚያበራ ጨረር፣ የሙዝ ቅጠል ጫፍ፣ የአዌቱ ወንዝ ውሃ ላይ የሚብለጨለጭ ነገር፣ ሁሉም በእሱ ዓይን ያማሩ ነጥቦች ናቸው። እነዚህ ናቸው መሰረዝ ያለባቸው፤ የሚሰረዙትም ኤረራቸው ስለበዛ ሳይሆን ምን እንደሆኑ በዓይን ስለታወቀ ነው።

ጸሐፊው ስለ ቀረጻው ምንም አላሉም፤ «ሁሉም በሶፍትዌር ይስተካከላል» ብለው አልፈዋል። አንድ ስሌት ብቻ ልጨምር። በ25 ፍሬም ቀረጻ በፍሬም 40 ፒክስል የሚሄድ ነጥብ በሰከንድ 1000 ፒክስል ይሄዳል። ሻተሩ (ሴንሰሩ ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ከሆነ ነጥቡ በአንዱ ፍሬም ውስጥ 20 ፒክስል ያህል ይደበዝዛል፤ 21 ፒክስል የሆነው ፓተርን እንዳለ ጭረት ሆነ ማለት ነው። 1/200 ሲሆን ድብዘዛው 5 ፒክስል ይሆናል። ስለዚህ ለትራኪንግ የሚቀረጽ ክሊፕ ደጅ ከሆነ ሻተሩ ይፍጠን። ቤት ውስጥ በመብራት ከሆነ ግን ያገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ፍሎረሰንቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ 1/200 ላይ ምስሉ ውስጥ ጥቁር መስመሮች ይወርዳሉ። እዚያ 1/100 ላይ ቆሞ ቀስ ብሎ መራመድ ነው። ቀስ ብሎ መራመድ ለሮሊንግ ሻተርም ይጠቅማል፤ ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች ለማንበብ 20 ሚሊ ሰከንድ ቢወስድበት፣ በዚያው ፍጥነት የምስሉ ታችኛው ጠርዝ ከላይኛው 20 ፒክስል ዘግይቶ ይመዘገባል፤ ይህን የብሌንደር ስሌት አያውቀውም።

«የእኛ ኮምፒውተሮች አቅም ስለሌላቸው ነው እንጂ» የሚሉ ሰዎች ማሳበቢያ ብዙም አይቆምም። አንድ 1920 በ1080 ፍሬም ማስታወሻ ውስጥ 8.3 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል፤ 225ቱ ፍሬም ከ2 ጊጋ ባይት በታች ነው። 8 ጊጋ ባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይችለዋል። በ3840 ሲሆን ግን አራት እጥፍ ስለሚሆን እዚያ ላይ እውነት አላቸው።

ሙሉ በሙሉ የምስማማበት የጸሐፊው ምክር ቪዲዮውን ከመጀመሩ በፊት ወደ ተከታታይ ምስሎች መቀየር የሚለው ነው፤ ምክንያቱን ግን «ፍጥነት ስለሚጨምር» ብለዋል። ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ሞባይሎች ብዙ ጊዜ የሚቀርጹት ፍሬም ሬቱ ከፍ ዝቅ በሚል አኳኋን ነው፤ ቪዲዮው እንዳለ ሲገባ ፍሬሞች ይደገማሉ ወይም ይዘለላሉ። ይህን በግራፉ መለየት ይቻላል፤ የነጥቦቹ ሁሉ ፍጥነት በአንድ ጊዜ ዜሮ ከሆነ ያ ፍሬም የተደገመ ነው። የ25 ፍሬም ቀረጻ በ30 ሰሌዳ ላይ ከተቀመጠ ይህ በየስድስተኛው ፍሬም ይመጣል። መጀመሪያ በትክክለኛው ፍሬም ሬት ምስሎቹን ማውጣት፣ ከዚያ ወደ ትራኪንግ መግባት ነው።

የጅሬኑ ክሊፕ በመጨረሻ በ0.52 ወጣ። ወለሉን ያስተካከልኩት በሴት ፍሎር ሦስት የመሬት ነጥቦችን መርጬ ሲሆን፣ በርጩማው ሦስት እግር ስላለው እያንዳንዱን እግር ከአንድ እውነተኛ ነጥብ አጠገብ ማቆም ቻልኩ። ከፍሬም 198 በኋላ የኋላኛው እግር አንድ ፒክስል ያህል ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሣሩ እዚያ ላይ በንፋስ ስለሚተኛ ከዚህ የተሻለ ነጥብ አላገኘሁም። በጥላው ሸፈንኩት፤ አሠሪውም አላየውም።